ደራርቱ ከፓቮ ኑርሚ ጋር ብትሮጥ ማን ይቀድም ነበር?

ፓቮ ኑርሚን ታውቁታላችሁ? በ1920ዎቹ የረጅም ርቀት ሩጫ ንጉሥ የነበረ፣ በኦሎምፒክ 9 ወርቅ የሰበሰበ ፊንላንዳዊ ነው። በ1928 በአምስተርዳም ኦሎምፒክ 10,000 ሜትሩን ያሸነፈው በ30 ደቂቃ ከ18.8 ሰከንድ ነበር። ከ72 ዓመት በኋላ በሲድኒ የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ ያንኑ ርቀት በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ ጨረሰች። በሰዓታቸው ጎን ለጎን ብናሰልፋቸው ታላቁ ኑርሚ ሁለተኛ ይወጣል፤ ያውም በአንድ ሰከንድ ከምናምን ተቀድሞ።

«ምርጧ ሴት ከወንዶች ጋር ብትወዳደር ስንተኛ ትወጣለች?» የሚለው ክርክር ሻይ ቤትም ይነሣል፣ ትምህርት ቤት ግቢም ይነሣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በጩኸት ነው የሚያልቀው። አንዱ «እኩል እኮ ናቸው» ይላል፣ ሌላው «በፍጹም አይገናኙም» ይላል። እስቲ ዛሬ ጩኸቱን ትተን በቁጥር እንሞክረው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ አሰላና በቆጂ ይበቁናል። (እዚህ የምትያገኟቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአርሲ መሰላል

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዙ ከጭላሎ ተራራ ሥር አሰላን ታገኛላችሁ። የኃይሌ ገብረሥላሴ አገር ነው። ትንሽ አለፍ ብላ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በቆጂ አለች። ደራርቱ ቱሉ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ቲኪ ገላና ከዚያው አካባቢ የወጡ ናቸው። ፋጡማ ሮባም የአርሲ ልጅ ናት።

አሁን አንድ ጨዋታ እንጫወት። የወንዶች 10,000 ሜትር ወደ ኦሎምፒክ የገባው በ1912 ነው። የመጀመሪያዎቹን አሸናፊዎች ሰዓት በቅደም ተከተል እንደርድር፦ 1912 ኮለህማይነን 31:20.8፤ 1920 ኑርሚ 31:45.8፤ 1924 ሪቶላ 30:23.2፤ 1928 ኑርሚ 30:18.8፤ 1932 ኩሶቺንስኪ 30:11.4፤ 1936 ሳልሚነን 30:15.4፤ 1948 ዛቶፔክ 29:59.6፤ 1952 እንደገና ዛቶፔክ 29:17.0።

ከዚያ የእኛዎቹን እናስገባ።

ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ31:06.02 ስታሸንፍ የ1912ን እና የ1920ን አሸናፊዎች ትቀድማለች። በ2000 ሲድኒ ላይ በ30:17.49 የመጀመሪያዎቹን አራት አሸናፊዎች በሙሉ ትቀድማለች። ጥሩነሽ በ2008 ቤጂንግ ላይ 29:54.66 ስትገባ ሰባቱን ትቀድማለች፤ በ1948 ያሸነፈውን ዛቶፔክንም ጭምር። ከአርሲ ወጣ ብለን በ2016 በሪዮ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችውን አልማዝ አያናን ብንጨምር ሰዓቷ 29:17.45 ነው። ከ1952ቱ ዛቶፔክ የምታንሰው በግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም!

ማራቶንም እንዲሁ ነው። ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ በ2:26:05 ስታሸንፍ ከ1936ቱ የወንዶች አሸናፊ (2:29:19) ሦስት ደቂቃ ትፈጥናለች። ቲኪ ገላና በ2012 ለንደን ላይ በዝናብ፣ ያውም መንገድ ላይ ወድቃ ተነሥታ፣ በ2:23:07 አሸነፈች። በ1956 ሜልበርን ላይ ያሸነፈው ሚሙን 2:25:00 ነበር የሮጠው። ቲኪ ትቀድመዋለች ማለት ነው።

ትልቁ ግን ይኼ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ 2:12:11 ሮጧል። ሁለቱም በጊዜያቸው የዓለም ክብረ ወሰን ነበሩ። በ2023 በርሊን ላይ ትዕግስት አሰፋ 2:11:53 ገባች። ቶኪዮ ላይ ከአበበ 18 ሰከንድ ቀድማ ትገባ ነበር እንደ ማለት ነው።

«ጫማው ነዋ!»

ይህን ስትሉ ይሰማኛል። ልክ ናችሁ፣ ግን በከፊል።

ኑርሚና ዛቶፔክ የሮጡት ከተፈጨ የከሰል አመድ በተሠራ መሮጫ ላይ ነው። ደራርቱ የሮጠችው ሰው ሠራሽ ወለል ላይ ነው። ይህ ዓይነቱ ወለል በኦሎምፒክ የታየው በ1968 ሜክሲኮ ላይ ነው። የአሁኖቹ የካርቦን ሳህን ያላቸው ጫማዎች ደግሞ ሯጩ የሚያወጣውን ጉልበት በአማካይ በ4 በመቶ ገደማ እንደሚቀንሱ በቤተ ሙከራ ተለክቷል። በፍጥነት ሲመነዘር ከ4 በመቶ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ትዕግስት በርሊን ላይ የሮጠችው ወንዶችም ባሉበት ውድድር ነው፤ ፍጥነቱን የሚጠብቁላት ወንድ አሯሯጮች ነበሯት። ሴቶች ብቻቸውን በሮጡበት የ2025 ለንደን ማራቶን ያስመዘገበችው ክብረ ወሰን 2:15:50 ነው።

እኔ የምህንድስና ተማሪ ነኝና አንድ ልማድ አለኝ፦ ጥርጣሬን በቁጥር መክፈል። እንበልና ከትዕግስት የበርሊን ሰዓት ላይ ለጫማው 2 በመቶ እንቀጣት። 2:14:31 ይሆናል። አሁንም ከሮሙ አበበ 45 ሰከንድ ትቀድማለች። ቅጣቱን ከፍ ብታደርጉት አበበ ይቀድማል። ስለዚህ መሰላሉ «ማን ይበልጣል» የሚለውን አይነግረንም፤ ሰዎቹ የተለያየ ዘመን ላይ ናቸው። የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፤ ለሰው ልጅ ሁሉ ጣሪያ ይመስል የነበረ ፍጥነት ዛሬ በአርሲ ልጃገረዶች መደረሱን።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው መሮጫ

አሁን ደግሞ መራራውን እንቅመስ። ደራርቱ በባርሴሎና ያሸነፈችበትን ሰዓት በዚያው ኦሎምፒክ ከወንዶቹ አሸናፊ ከኻሊድ ስካህ (27:46.70) ጋር እናስተያየው። ስካህ መስመሩን ሲያልፍ ደራርቱ በራሷ ፍጥነት 8,932 ሜትር ላይ ትሆናለች። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራታል፤ ማለትም ከሁለት ዙር ተኩል በላይ ደርቧታል። ልዩነቱ 12 በመቶ ነው።

ስለዚህ «እኩል ናቸው» የሚለው ወገን በዚህ ይሸነፋል። «አይገናኙም» የሚለው ግን ቶሎ ደስ አይበለው። ጥያቄው «ልዩነት አለ ወይ?» አይደለም። ጥያቄው «ከልዩነቱ ውስጥ ስንቱ የሰውነት ነው፣ ስንቱ የዕድል?» ነው።

51 በመቶ

ወደ 1964 እንመለስ። አበበ ቶኪዮ ላይ 2:12:11 በሮጠበት ዓመት የሴቶች ምርጥ የማራቶን ሰዓት ስንት ነበር? የኒውዚላንዷ ሚልድረድ ሳምፕሰን 3:19:33። ልዩነቱ 51 በመቶ ነው! በዚያን ጊዜ አንድ ሊቅ ተነሥቶ «ሴት በተፈጥሮዋ ከወንድ በግማሽ ያህል ትዘገያለች» ቢል ማስረጃ አለኝ ብሎ ነበር የሚከራከረው።

በ2023 ትዕግስት 2:11:53፣ ኬልቪን ኪፕቱም ደግሞ 2:00:35 ሮጡ። ልዩነቱ 9.4 በመቶ ብቻ። (በ2024 ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች ቺካጎ ላይ 2:09:56 ሮጣለች። በ2025 በተሰጠ ናሙና ምክንያት ለ3 ዓመት ስለታገደች ግን እዚህ ሒሳብ ውስጥ አላስገባኋትም።)

የሴት ልብና ሳንባ በ60 ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። ታዲያ ያ 40 በመቶ የት ገባ?

በፈቃድ ውስጥ ነበር። በ1928 ሴቶች በኦሎምፒክ 800 ሜትር ሲሮጡ ጋዜጦች «ተዝለፍልፈው ወደቁ» ብለው አጋነው ጻፉ፤ ውድድሩም እስከ 1960 ድረስ ተሰረዘባቸው። በ1967 ካትሪን ስዊትዘር በቦስተን ማራቶን ስትሮጥ አንድ የውድድሩ ኃላፊ ከመንገድ ሊያስወጣት ልብሷን ይዞ ታገላት። ቦስተን ሴቶችን በይፋ የተቀበለው በ1972 ነው። ከዚያ ሩብ ምዕት ዓመት በኋላ ፋጡማ ሮባ በዚያው መንገድ ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ በ1997፣ በ1998 እና በ1999 አሸነፈች።

ምሩፅ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲወስድ ለሴቶች የተፈቀደው ረጅሙ የኦሎምፒክ ሩጫ 1,500 ሜትር ነበር። የሴቶች ማራቶን በ1984፣ የሴቶች 10,000 ሜትር በ1988 ገባ፤ ወንዶቹ ከጀመሩ ከ76 ዓመት በኋላ! ኢትዮጵያ ደግሞ በ1984ቱም በ1988ቱም ኦሎምፒክ አልተካፈለችም። ስለዚህ ለእኛ ሴቶች በዚህ ርቀት የመጀመሪያዋ ዕድል ባርሴሎና ነበረች፤ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1984። ደራርቱም በዚያችው በመጀመሪያዋ ዕድል አሸነፈች፤ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች።

እስቲ አስቡት፤ ከእሷ በፊት አርሲ ውስጥ ስንት ደራርቱ ውኃ ቀድታ፣ ከብት አግዳ፣ ልጅ አሳድጋ ኖረች? የሮጠችው ትምህርት ቤት እንዳይረፍድባት ብቻ ነበር። ሰዓት የያዘላት ሰው አልነበረም።

በ1998 እኩል ይሆናሉ ተብሎ ነበር

እዚህ ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ መሳሳትም ይቻላል። በዚያው በ1992 ኔቸር በተባለው ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት ዊፕ እና ዋርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። የወንዶችንና የሴቶችን ክብረ ወሰኖች ግራፍ ላይ አስቀምጠው፣ በነጥቦቹ መካከል ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። የሴቶቹ መስመር በፍጥነት ይወርዳል። ሁለቱ መስመሮች በማራቶን የሚገናኙት መቼ ሆነ? በ1998!

1998 ደረሰ። የሴቶች ክብረ ወሰን በቴግላ ሎሩፔ 2:20:47፣ የወንዶች በሮናልዶ ዳ ኮስታ 2:06:05 ሆነ። ልዩነቱ 14 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ። መስመሮቹ አልተገናኙም።

ምን ተፈጠረ? ቀጥ ያለ መስመር ለዘላለም አይቀጥልም። ልጅ በዓመት 6 ሴንቲ ሜትር ቢያድግ በ40 ዓመቱ ሦስት ሜትር አይሆንም አይደል? የሴቶቹ ሰዓት በፍጥነት የወረደው የተዘጋ በር ስለተከፈተ ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ መስመሩ ጎበጥ ብሎ 10 በመቶ አካባቢ ላይ ተረጋጋ። ዛሬ በ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰኖች (26:11.00 እና 28:54.14) መካከል ያለው ልዩነት 10.4 በመቶ ነው።

ከበቆጂ የመጣ ተፈጥሯዊ ሙከራ

የቀረው 10 በመቶ የሰውነት መሆኑን በምን እናውቃለን? ጥሩ ሙከራ ማለት ከአንድ ነገር በቀር ሌላው ሁሉ እኩል የሆነበት ነው። በቆጂ ይህን ሰጥታናለች።

ቀነኒሳና ጥሩነሽ የአንድ አካባቢ ልጆች ናቸው። የተነፈሱት ያንኑ ስስ አየር ነው። ሁለቱም ገና ልጆች ሳሉ በአሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እጅ አልፈዋል። በ2008 ቤጂንግ ላይ ሁለቱም 5,000ውንም 10,000ውንም አሸነፉ። በ10,000ው ቀነኒሳ 27:01.17፣ ጥሩነሽ 29:54.66፤ ልዩነቱ 10.7 በመቶ። (5,000ው ለዚህ አይሆንም፤ የሴቶቹ ፍጻሜ እየተጠባበቁ የተሮጠ ቀርፋፋ ውድድር ነበር።)

ምክንያቱ በአብዛኛው በጉርምስና ጊዜ ይጀምራል። ከዚያ በፊት በወንድና በሴት ልጆች ሩጫ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ጉርምስና ሲመጣ በወንዶች ላይ ቴስቶስተሮን የተባለው ሆርሞን በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ጡንቻ ይበዛል፣ ልብ ይተልቃል፣ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢንም ከሴቶቹ 10 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ይህን ልምምድ አያጠፋውም። ለዚህም ነው የሴቶች ውድድር ለብቻው የሚያስፈልገው። ባይኖር ኖሮ የደራርቱን ስም ማንም አያውቀውም ነበር።

ስፖርቱ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል

10 በመቶው የሩጫ ነው። ርዝመት ዝላይ ላይስ? እስቲ በፊዚክስ እንገምት።

በ100 ሜትር ክብረ ወሰኖቹ 9.58 እና 10.49 ናቸው። የሴቷ ፍጥነት የወንዱ 91.3 በመቶ ነው። ዘላይ ደግሞ እንደተወረወረ ድንጋይ ነው፤ የሚሄደው ርቀት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። 0.913 በራሱ ሲባዛ 0.834 ይሆናል። የወንዶቹን ክብረ ወሰን 8.95 ሜትር በዚህ ብናባዛው 7.46 ሜትር እናገኛለን። ትክክለኛው የሴቶች ክብረ ወሰን ስንት ነው? 7.52! በ6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሳትነው። ስለዚህ ዝላይ ላይ ልዩነቱ ወደ 16 በመቶ የሚያድገው ዘላዮቹ ስለሰነፉ አይደለም፤ ካሬው ነው ያሳደገው።

ውኃ ውስጥ ደግሞ ይጠባል። በ1,500 ሜትር ዋና ክብረ ወሰኖቹ 14:30.67 እና 15:20.48 ናቸው፤ ልዩነቱ 6 በመቶ አይሞላም። የሴት ሰውነት በተሻለ ይንሳፈፋል፣ ውኃውም ትንሽ ይቀልላታል።

ጡንቻ ዋናው ባልሆነበት ቦታስ? ደራርቱ ባሸነፈችበት በባርሴሎና ኦሎምፒክ ወንዶችና ሴቶች አብረው የሚወዳደሩበት የበራሪ ዒላማ ተኩስ ነበር። ቻይናዊቷ ዣንግ ሻን በማጣሪያው 200 ተኩሳ 200ውንም መታች፤ ወንዶቹን ሁሉ አስከትላ ወርቁን ወሰደች። ከዚያስ? በቀጣዩ በ1996 ኦሎምፒክ ያ ውድድር ለወንዶች ብቻ ሆነ፤ የሴቶቹ ገና በ2000 ነው የተጀመረው። አንደኛ መውጣትም በር ያዘጋል እንዴ?

ታዲያ ስንተኛ ናት?

መልሱ «ከማን ጋር?» በሚለው ይወሰናል።

በዚያው ዓመት ካሸነፈው ምርጥ ወንድ ጋር ከሆነ 10 በመቶ ገደማ ትዘገያለች። ከትናንት የኦሎምፒክ ጀግኖች ጋር ከሆነ ሰባቱን አስከትላ ትገባለች። ከአሰላ ወይም ከእናንተ ሰፈር ወንዶች ጋር ከሆነስ? ይኼን ራሳችሁ ሞክሩት። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ እያንዳንዱን የ400 ሜትር ዙር በአማካይ በ74.6 ሰከንድ ነው የዞረችው። ሜዳ ሂዱና አንድ ዙር በ75 ሰከንድ ጨርሱ። ከዚያ ሳታርፉ 24 ጊዜ ድገሙት። ደራርቱ ራሷ እንደምትናገረው ለሩጫ መፈጠሯን ካሳዩዋት ነገሮች አንዱ ተማሪ ሳለች በ400 ሜትር የትምህርት ቤቱን ኮከብ ወንድ ሯጭ መቅደሟ ነው። የ10 በመቶው ልዩነት በምርጦቹ መካከል ነው እንጂ «ማንኛውም ወንድ ማንኛዋንም ሴት ይቀድማል» ማለት አይደለም።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በትምህርት ቤታችሁ የስፖርት ቀን የወንዶቹንና የሴቶቹን አሸናፊ ሰዓት ጻፉ። በ800 ወይም በ1,500 ሜትር ይሁን። የሴቷን ለወንዱ አካፍሉ። 1.10 አካባቢ ከመጣ ሁለቱም እኩል ዕድል አግኝተው ይሆናል። 1.30 ወይም 1.40 ከመጣ ግን «ተፈጥሮ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ስንት ሴት ልጆች ልምምድ እንደሚመጡ ቁጠሩ፤ ያልመጡት በዚያ ሰዓት የት እንዳሉ ጠይቁ። ውኃ እየቀዱ ከሆነ፣ ወይም ትምህርቱን ጭራሽ አቋርጠው ከሆነ፣ የልዩነቱ ትልቁ ክፍል እዚያ ነው ያለው። በ1964 ያ 51 በመቶ ተፈጥሮ መስሎ እንደነበር አትርሱ።